ሴራሚኩ እስከ የት ይድረስ?

እማማ የሞቱት በገዛ ወጥ ቤታቸው ወለል ላይ ነው። ጭንቅላታቸው ከእብነበረዱ የወጥ መሥሪያ ጠረጴዛ ማዕዘን ሥር፣ እግራቸው ወደ በሩ፣ ቀሚሳቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ተስተካክሎ በጀርባቸው ተኝተዋል። አጠገባቸው አንድ በርጩማ በጎኑ ወድቋል። ከበላያቸው አዲስ የተለጠፈ ነጭ ሴራሚክ ያብለጨልጫል፤ የሲሚንቶ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ቤት ሲታደስ ደስ ይበለን ተብሎ ነው፤ ሞት ግን ቤቱ ታደሰ አልታደሰ ብሎ አይጠይቅም።

መርማሪዋ ስትገባ ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር። ይህች ሴት ቀጭን ናት፤ ክር በማያልፍበት ቀዳዳም ታልፋለች። ስለዚህ ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚል ስም አወጡላት። አልከፋትም። «እወጋለሁ እንጂ አልጎተትም» ትላለች። ምላሷም እንደ ስሟ ነው።

የጣቢያው አለቃ ገና በጠዋቱ በስልክ ነግሯታል። «ነገሩ ያለቀ ነው፤ ሴራሚክ ሠሪውን ከቤቱ አንሥተነዋል። ትናንት ከሟቿ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ነገ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን። አንቺ አይተሽ ፊርማሽን አኑሪ።»

«ያለቀ ነገር ከሆነ እኔን ምን አስጠራኝ? ለፊርማ ከሆነ ከእኔ የተሻለ ጽሕፈት ያለው ሞልቶልሃል» አለችው።

አሁን በጉልበቷ ተንበርክካ የእማማን እጅ ታያለች። ከፊታቸው ቀድማ እጃቸውን ነው ያየችው፤ ፊት ይዋሻል፣ እጅ ግን የዋለበትን አይደብቅም። የእማማ ጥፍር ንጹሕ ነው፤ ለበዓል የተሰናዳ ይመስላል። የጣቶቻቸው ጫፍ ግን ተጫጭሯል፤ በጭረቱ ላይ ቫዝሊን ተለቅልቆበታል። መርፌ ሬሳውን ሊወስድ የመጣውን ሐኪም ጠራችው።

«ከቫዝሊኑ ሥር ምን እንዳለ እይልኝ። ከላዩም እይልኝ። ሁለቱን አታቀላቅልብኝ።»

ቀጥላ ግድግዳውን አየች። ሴራሚኩ ከእብነበረዱ ተነሥቶ፣ ከእብነበረዱም አልፎ፣ በርጩማው በነበረበት በኩል እስከ ጥጉ ሄዷል። ከጥጉ ዳር፣ ሴራሚክ ባልደረሰበት ባዶ ግድግዳ ላይ፣ በከሰል የተሰመረ ጥቁር መስመር ብቅ ይላል። ከመስመሩ በታች ያለው ሴራሚክ ልክ ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ግን ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ ይላል። ወይ ሠሪው ደክሞት ነበር፤ ወይ ሠሪው ሌላ ነው።

በቤቱ ከእማማ ሌላ የሚኖሩት ሦስት ናቸው፤ ወንድ ልጃቸው፣ ሚስቱ፣ ያላገባች ሴት ልጃቸው። አራተኛው ሰው ሴራሚክ ሠሪው ነው። እሱም ጣቢያ ነው።

ምራትየዋን ያገኘቻት ጓሮ፣ የልብስ መስጫው ሥር ቆማ ነው። ዓይኗ ደረቅ ነው፤ ጥፍሯ ቀይ ተቀብቷል፤ ቀለሙ አንዲት ቦታ እንኳ አልተላጠም።

«አንቺ እስከ የት ይድረስ ነበር ያልሽው?» አለቻት መርፌ፤ ነፍስ ይማር እንኳ ሳትል።

«ምኑ?»

«ሴራሚኩ።»

«ሰው ሞቶ የሴራሚክ ነገር ይጠየቃል?»

«እኔ እጠይቃለሁ።»

«እስከ ጣራ ነዋ! ዘይት ሲፈናጠቅ ‹ከስንዝር በላይ እንዳታልፍ› ተብሎ ይታዘዛል እንዴ? ግድግዳውን ስፈትግ የምውለው እኔ።»

«እማማስ?»

«እሳቸው ሁለት ረድፍ! ከዚያ ወዲያ አንዲት ጣት ብታልፉ አሉ። ይኼ ሁሉ ለዚያ ቅባት።»

«የምን ቅባት?»

ምራትየዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «ባላቸው በሕይወት እያለ፣ እሳቸው ሲያበስሉ እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የዋለበትን ያወራቸው ነበር አሉ። ፀጉሩን ቅባት ይቀባል። ያ ቅባት ግድግዳው ውስጥ ሰርጎ ሳህን የሚያህል ምልክት ሆነ። ሰውየው ሞተ፤ ምልክቱ ቀረ። ቤቱ ቀለም ሲቀባ ይዘለላል፤ ሲታጠብ ይዘለላል። ማታ ማታ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለው ያወሩታል። ‹ሽንኩርት ተወደደ› ይሉታል። ‹ልጅህ ዛሬም አመሸ› ይሉታል። ለእኔ ‹እንደምን አደርሽ› የምትል ቃል ታንቃቸዋለች፤ ለግድግዳ ግን ወሬ አያልቅባቸውም።»

«ትጠያቸው ነበር።»

«አማቷን የምትወድ ምራት ካገኘሽ አምጪና አሳዪኝ። ግን ገድለሻል ልትዪኝ ከሆነ፣ ሰው ለመግደል ትልቅ ልብ ይጠይቃል። እኔ ልቤን በማኩረፍ ጨርሼዋለሁ።»

መርፌ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። «ከሠሪው ጋር በምን ተጣሉ?»

«በእኔ ነው። ጠዋት እሳቸው ሲወጡ ጠብቄ ‹ከፍ አድርገው› አልኩት፤ አንድ ረድፍ ጨመረ። ተመልሰው ሲያዩ ቤቱን በጩኸት ሞሉት፤ አስነቀሉት። በከሰል አሰመሩና ‹ከዚህች ካለፍክ እጅህን እቆርጠዋለሁ› አሉት። እሱም ‹እኔ ከግድግዳ ጋር ለሚያወራ ሰው አልሠራም› ብሎ በሩን ወርውሮ ወጣ።»

«ማታ የት ነበራችሁ?»

«እኔና ባሌ እናቴ ዘንድ እራት ተጠርተን ነበር፤ ቤት ሙሉ ሰው አይቶናል። ስንመለስ በቀጥታ ወደ መኝታችን። ጠዋት ውሃ ላፈላ ገባሁና…»

«ስታገኚያቸው ነካሻቸው? ቀሚሳቸውን? እጃቸውን?»

«እጃቸውን? በሕይወት እያሉስ መቼ አስነክተውኝ! እጃቸው የልጃቸው ነው። የምታጥበው እሷ፣ ጥፍር የምትቆርጠው እሷ፣ የምትቀባው እሷ። ቫዝሊኑ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አላውቅም።»

ልጅየውን ለቅሶተኛ መሀል አገኘችውና ወደ በረንዳው ጠራችው። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«አንተስ እስከ የት ነበር ያልከው?»

«እኔ… እስከ ካቢኔቱ ሥር ይሁን አልኩ። እማዬም እንዳይከፋት፣ ሚስቴም እንዳይከፋት።»

«ሁለቱም ከፋቸው በለኛ።»

«ሁለቱም ከፋቸው» አለ አንገቱን ደፍቶ። በእናትና በሚስት መካከል የሚቆም ወንድ ከሁለቱም ወገን በትር ያርፍበታል፤ ይኼኛውም ጀርባው የለመደ ነው። «እርስዎ ግን ጊዜዎን አያባክኑ። ሰውየው ነው። ተሰድቦ ወጣ፤ በእልህ ተመልሶ ከመስመሩ በላይ ለጠፈ፤ እማዬ ልትከለክለው ስትል ገፈተራት። ሌላ ማን ያንን ሴራሚክ ይለጥፋል? እኛ ቤት ሚስማር የሚመታ ሰው እንኳ የለም።»

መርፌ ከዚህ ሁሉ ንግግሩ የመጨረሻዋን ብቻ ይዛ ገባች።

ሴት ልጅየዋ በእናቷ ክፍል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የእናቷን ልብስ ታጥፋለች። ታጥፋለች፤ ትዘረጋለች፤ ደግማ ታጥፋለች። መልኳ ያምራል፤ ግን በመልኳ የማትጠቀም ሰው ናት፤ ለሌላ ሰው ያስቀመጠችው ዕቃ ይመስላል። የጣቶቿን ጫፍ በመሀረብ ሸፍናለች።

«እጅሽን ምን ነካው፣ ልጄ?»

«በረኪና ነው። ለለቅሶተኛው ብርጭቆ ሳጥብ።»

«እናትሽ ሴራሚኩን እስከ የት አሉ?»

«ሁለት ረድፍ።»

«ወንድምሽ እስከ ካቢኔቱ፣ ሚስቱ እስከ ጣራ። አንቺስ?»

«እኔ?» አለች፤ ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ ይመስል ዞር አለች። «እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«ይኸው እኔ ጠየቅኩሽ።»

ልብሱን ጭኗ ላይ አኖረችው። «እማዬ ያለችው ይሁን ነው ያልኩት» አለች።

እንዲያ ያለ መልስ መርፌን ያሳክካታል። በአንድ ግድግዳ የተነሣ ቤት በተናወጠበት ሰሞን ሐሳብ የሌላት አንዲት ሰው ብቻ ናት እንዴ? ሐሳብ የሌለው ሰው የለም፤ የሚሰማው ያጣ እንጂ።

«ማታስ?»

«እራቷን አበላኋት። እጇንና እግሯን አጠብኩላት፤ ቫዝሊን ቀባኋት፤ አስተኛኋት። እኔም ተኛሁ። ምንም አልሰማሁም።»

«ሁሌ እንዲህ ነው?»

«አባዬ ከሞተ ጀምሮ ሁሌ እንዲህ ነው። አንድ ሊያገባኝ የመጣ ሰው ነበር፤ ‹እናቴን ለማን ትቼ› አልኩት። እሱም ሌላ አገባ። ጥሩ ሰው ነበር።» ይህን ያለችው ሳትቆጭ፣ ሳትማረር፣ የአየር ጠባይ እንደምትናገር ነው። መርፌን ያሳዘናት ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ሄደች። ሴራሚክ ሠሪው ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል፤ ልብሱ ላይ የትናንቱ ሲሚንቶ አለ።

«ይፈርሙና ይሂዱ። ሁሉም ፈርሞ ሄዷል» አላት።

«አፍህን ለነገ ዳኛ አስቀምጥ። ስትወጣ ሴራሚኩ የት ላይ ነበር?»

«ከሰሉ ላይ። ከከሰሉ አንዲት ፀጉር አላለፍኩም። እናቴን የምታህል ሴት እጅህን እቆርጣለሁ አለችኝ፤ ተናድጄ ወጣሁ። ተናደድኩ፣ እውነት ነው። ሚስቴ አራስ ናት፤ ቤቴ ገብቼ ልጄን አቀፍኩና ንዴቴ ጠፋ። አልዋሽም። ነገ ቢፈረድብኝ ያ ልጅ የማን ልጅ ተብሎ ሊያድግ ነው? የነፍሰ ገዳይ?»

«መለጠፍ ከባድ ነው?»

«አይከብድም። ሴራሚኩን በርሜል ውስጥ ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ፤ ውሃ እስኪጠግብ። ያልጠገበ እንደሆነ የሲሚንቶውን ውሃ ይጠጣዋል፣ አይይዝም።»

«ይህን ለቤቱ ሰዎች ነግረሃቸው ነበር?»

«ማን ጠይቆኝ? ከበርሜል አውጥቼ ስገባ ያዩኛል። አቧራ የማጥብ ሊመስላቸው ይችላል።»

መርፌ ብድግ አለች። ሰውየው ከኋላዋ «እንዴ! አለቀ?» አለ። «ለአንተ ሊያልቅ ነው» አለችው፤ ወዲያውም ሰው ተስፋ ማድረግ የሌለበትን ተስፋ ሰጥታው እንደሆነ አሰበችና በራሷ ተናደደች።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አደረገች። ከመስመሩ በታች ድምፁ ድፍን ነው። ከመስመሩ በላይ ባዶ ጋን እንደሚመታ ይጮኻል። ቢላዋ አስገባች፤ ሴራሚኩ ሳይታገል መዳፏ ላይ ወደቀ። ጀርባው የታጠበ ሳህን ይመስላል፤ ሲሚንቶው ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ሲሚንቶው ላይ ደግሞ አንድ ቀጭን ሰማያዊ ክር ተጣብቋል። የወጥ ቤቱ ፎጣ ሰማያዊ ነው።

ሌላ አነሣች፤ እንደዚያው። በርጩማው ከነበረበት ትይዩ ያለውን ስታነሣ ግን እጇ ቀጥ አለ። ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ላይ አራት የጣት ቦይ ተስሏል፤ ከላይ ወደ ታች፣ የቧጠጠ ሰው ጣት። ከቦዩ ላይ ስስ ሲሚንቶ ዳግመኛ ተለቅልቆበታል። መርፌ ጣቶቿን ወደ ቦዩ አስጠግታ ለካች፤ የእሷ ሰፋ ይላል። የትንሽ ሴት ጣት ነው።

በማግስቱ የእማማ ሬሳ ከሐኪሙ ዘንድ ተመልሶ ሳሎን ተቀመጠ፤ ቀብሩ ተቃርቧል። መርፌ ሦስቱን የቤት ሰዎች ወጥ ቤት አስገባች። ሴራሚክ ሠሪውንም በካቴና አስመጣችው፤ ወደ ፍርድ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አንድ ፖሊስ ከበሩ ውጭ ቆመ። በሩ ሲዘጋ የለቅሶተኛው ድምፅ ሩቅ እንደሚፈስ ውሃ ሆነ።

ወንድምየው ሴራሚክ ሠሪውን ሲያይ ተነሣ። «ይህን ሰው እናቴ ቤት አታስገቡብኝ!»

«ቁጭ በል። ስጨርስ ራስህ ወንበር ትለቅለታለህ» አለችው መርፌ። ከግድግዳው ያነሣችውን ሴራሚክ ጀርባውን አሳየቻቸው። «ይህ ሰው የለጠፈው ሲመታ ድፍን ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ግን ገና በጣት ሲነካ ይወድቃል። ለምን? ደረቅ ሆኖ ስለተለጠፈ። እሱ ሴራሚክ ውሃ ሳያጠግብ አይለጥፍም። ከመስመሩ በላይ የለጠፈው ሰው ግን እርጥቡን ሴራሚክ በፎጣ ወልውሎ፣ አድርቆ፣ አሳምሮ ነው የለጠፈው። የፎጣው ክር ይኸው። ሠሪ እንዲህ አይሳሳትም። እንዲህ የሚሳሳተው ንጽሕና የሚወድ የቤት ሰው ነው።»

ሴራሚክ ሠሪው «እኔ መቼም…» ብሎ ሲጀምር ወንድምየው አቋረጠው።

«የቤት ሰው? ከእኛ መሀል ማለትዎ ነው?» አለ ወንድምየው።

«ከእናንተ መሀል ነው። ሁለተኛውን ስማ። እማማ ወጥ ቤት ገብተው፣ ሴራሚኩ የባላቸውን ምልክት ሲሸፍን ደረሱ። በጥፍራቸው አንዱን ነቀሉት። የጣታቸው ቦይ ሲሚንቶው ላይ ይኸውላችሁ። ቀጥሎ ግን የተነቀለው ሴራሚክ ተመልሶ ተለጠፈ። እማማ መልሰው አይለጥፉትም።»

ምራትየዋ ግድግዳውን አየች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይኔ፣ በጥፍራቸው!»

«ሦስተኛ። ሲሚንቶ የቧጠጠ እጅ ሲሚንቶ ይይዛል። የእማማ ጥፍር ግን ንጹሕ ነው። ሐኪሙ ከጭረቱ ውስጥ የሲሚንቶ ደቃቅ አገኘ፤ በቫዝሊኑ ላይ ግን ምንም የለም። እስቲ አስቡት፤ ማታ ከመኝታ በፊት ተቀብተው ኋላ ግድግዳውን ቢቧጥጡ ኖሮ ሲሚንቶው ከቫዝሊኑ በላይ ይሆን ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ቧጠጡ፤ ኋላ ታጠቡ፤ ከዚያ ተቀቡ። አንድ ሰው የሞተች ሴት እጅ አጥቦ ቫዝሊን ቀብቷል። ቀሚሷንም አስተካክሏል።»

«ገዳይ ማስረጃ ሊያጠፋ እጅ ያጥብ ይሆናል። ቫዝሊን ግን አይቀባም» አለች መርፌ፤ አሁን ድምፇ ዝቅ ብሏል። «አንቺ፣ የልጁ ሚስት፣ ቫዝሊኑ የት እንደሚቀመጥ አታውቂም፤ የጥፍርሽ ቀለምም አልተነካም። አንተም ከእሷ ጋር ቤት ሙሉ ሰው መሀል ነበርክ። ይህ ሰው የቤታችሁን ጓዳ አያውቅም። ያቺን እጅ በዚህ ቤት የምታጥበው አንዲት ሴት ናት። የእሷም ጣት በበረኪና አልተላጠም፤ የተላጠው በሲሚንቶ ነው።»

ወንድምየው ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ። «እህቴ? ንገሪያት እንጂ። አይደለም በያት።»

ሴት ልጅየዋ መሀረቧን ከጣቶቿ ላይ አነሣች። ጫፋቸው ተልጦ ቀልቷል። ስትናገር ድምፇ የተረጋጋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለራሷ የተናገረችው ስለሆነ ይሆናል።

«ለግድግዳው ነው የምታወራው» አለች። «እራቷን አበላታለሁ፤ አፏን ጠርጋ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ‹ዛሬ ልጅህ እንዲህ ሆነች› ትለዋለች፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ። ለእኔ አትነግረኝም፤ ስለ እኔ ለእሱ ትነግረዋለች። አባዬን እኔም እወደው ነበር፣ ጋሼ። ግን ሞቷል። እኔ አለሁ። ምልክቱ ቢሸፈን ወደ እኔ የምትዞር መሰለኝ። ተኝታለች ብዬ ነበር። ከአልጋዋ ተነሥታ መጣች።»

«ምን አለችሽ?» አለች መርፌ።

«ምንም። ስሜን እንኳ አልጠራችም። እሱን ጠራችው። በጥፍሯ ትቧጥጥ ጀመር፤ ደማች። ‹ተይ እማዬ፣ እጅሽ!› ብዬ ትከሻዋን ይዤ ሳብኳት። በርጩማው አደናቀፋት።» የእናቷን ጭንቅላት የመታውን እብነበረድ ዞር ብላ አላየችውም፤ ማንም አላየውም። «ራሷን የሳተች መሰለኝ። ስትነቃ የተነቀለውን ብታይ ደግማ ትጮሃለች፣ ደግማ ትቧጥጣለች አልኩ። ቶሎ ብዬ መለስኩት። ሲሚንቶ ሥጋ ይበላል፤ እጇ እንዳይቆስል አጠብኩላት፤ ቀባኋት። ሁልጊዜ ስቀባት እጇን ትሰበስባለች፤ ይቀዘቅዛታል። ያን ቀን አልሰበሰበችም። ያኔ ነው ያወቅኩት። የጋሼን መኪና ሰማሁ፤ ወደ ክፍሌ ሮጥኩ።»

«እና ይህ ሰው ሲታሰር?» አለ ወንድምየው። ዓይኑን ከሴራሚክ ሠሪው ላይ አንሥቶ ወለል ላይ ጣለው።

«ዝም አልኩ። ዛሬ እናገራለሁ፣ ከቀብር በኋላ እናገራለሁ እያልኩ ዝም አልኩ።»

«ሴራሚኩን ከመመለስሽ በፊት ሐኪም ብትጠሪ…» ወንድምየው ወደ መርፌ ዞረ። «ወዲያው ነው የሞተችው? ሐኪሙ ምን አለ? ብትጠራ ትተርፍ ነበር?»

መርፌ ሐኪሙ ያለውን ታውቃለች። አፏን ልትከፍት ስትል ምራትየዋ በመካከላቸው ገባች። «ዝም በል!» አለችው ባሏን፤ እንዲህ ስትጮህበት ማንም ሰምቶ አያውቅም። ቀጥላ ወደ መርፌ ዞረች። «አትመልሺለት። ዳኛ ፊት ትመልሺዋለሽ። ዛሬ የእናቷ ሐዘን ይበቃታል።»

የመርፌን ቃል የሚያቋርጥ ሰው ገና አልተፈጠረም ይባል ነበር። ይህን ጊዜ ግን መርፌ ቃሏን ዋጠችው።

ካቴናውን ራሷ ፈታችለት። ሴራሚክ ሠሪው የእጁን አንጓ እያሸ ቆመ። ሴት ልጅየዋ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ሄደች። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። አራስ ቤት እንዳለህ አውቅ ነበር። ራስህ ነግረኸኝ፣ ለልጁ ልብስ እሰጥሃለሁ ብዬህ ነበር።»

«አሁን ይቅር ብዬሻለሁ ብል ውሸት ይሆናል» አላት ሰውየው። «ልጄን ሳቅፍ እሞክራለሁ።» ወንድምየው ወንበሩን ገፋለት፤ አልተቀመጠም። በጓሮ በር ወጣ፤ ሲሄድ እርምጃው እየፈጠነ፣ እየፈጠነ፣ ከአጥሩ ሲያልፍ ሩጫ ሆነ።

ወደ ፖሊስ መኪናው የሚወስደው መንገድ በሳሎኑ ውስጥ ነው። መርፌ ካቴናውን ኪሷ ከተተችው፤ በሩንም ከፈተች። ሴት ልጅየዋ ብቅ ስትል ለቅሶተኛው ሁሉ ተነሣ። ከሟች የቀረበች ሐዘንተኛ እሷ ናትና እያንዳንዱ መጥቶ አቀፋት።

«አይዞሽ፣ የእኔ ልጅ!»

«እንዳንቺ እናቱን የጦረ የት አለ!»

«ዕድሜሽን ሰጠሻት እኮ! እሷም አርፋለች፤ አንቺም ትንሽ ትኖሪያለሽ እንግዲህ።»

እስካሁን ስታለቅስ ያላዩዋት ሴት አሁን አለቀሰች፤ በየትከሻው ላይ ተደፍታ፣ ጮክ ብላ አለቀሰች። መርፌ ከኋላዋ ቆማ ጠበቀች፤ ማንንም አላስቸኮለችም። የመጨረሻዋ ጎረቤት አቅፋ ስትለቃት ከፊት ለፊት የቆመውን ፖሊስ አየችው። «ቀብሩ ሳይደርስ ወዴት ነው የምትሄደው?» አለች።

ምራትየዋ መጥታ የሴት ልጅየዋን ክንድ ያዘች። እነዚያ ሁለት ሴቶች እንዲያ ተያይዘው ሲቆሙ ማንም አይቶ አያውቅም።

«ደክሟታል» አለች ምራትየዋ። «አሳልፉን።»

ሰዎቹም «እውነት ነው፣ ምስኪን» እያሉ ግራና ቀኝ ተከፍለው አሳለፏቸው።